የሣህሊቱ ንክሻ

ድንጋዩ ማጅራቷ ላይ ሲያርፍ ሣህሊቱ ጥርሷን ነከሰች። ጥርሷ ግን እንደ ሰው ጥርስ አይገጥምም፤ የታችኛው ረድፍ ከላይኛው ሸሽቶ በአንድ ጥርስ ወደ ግራ ይወጣል። ሊያጯት የመጡ ሁሉ ይህንኑ አይተው ተመልሰዋል።

አሰበ ተፈሪ ገበያ ዳር፣ ዋርካው ሥር፣ አገር ተሰብስቧል። ጧፍ ሠሪዋ ሣህሊቱ «ግራዝማች ነጋሽ በምሽት በሬን ሰብረው ገቡ፤ አፌን ሲያፍኑኝ እጃቸውን ነከስኩ» ብላ ከሳ ነበር። ግራዝማች ግን «ከቦርደዴ ስመለስ የነከሰችኝ በቅሎዬ ናት፤ የእሷን ደጃፍ አላውቀውም» አሉ። ቁስሉን ከካባቸው ሥር ሸሸጉት፤ የትልቅ ሰው ገላ አይመረመርምና ሽማግሌዎቹም አሳዩን አላሉም። ስም አጉድፈሻልና ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ለምኚ፣ እንቢ ካልሽ ከተማውን ልቀቂ ብለው ፈረዱ።

እሺ ስትል ጎረቤቷ ፋጤ ተናደደች። «ያ ሁሉ ፉከራ የት ገባ፣ እቴ?»

ሣህሊቱ ግን የበዳይን ድንጋይ ከማጅራቱ የሚያወርደው የተበዳዩ እጅ መሆኑን እያሰበች ተንበረከከች።

ግራዝማች ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

«ይቅርታ በግራ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሐጂ በድሪ። «ወላሂ ነውር ነው። በቀኝዎ ያንሱላት እንጂ!»

ቀኙ እያቅማማ ከካባው ወጣ። ሣህሊቱ ድንጋዩን አሽቀንጥራ አንጓውን ጨበጠች። በሌላው እጇ ከጉያዋ ድቡልቡል ሰም አውጥታ ጥርሷን ቀበረችበት፤ ከቁስሉም ጎን አስጠጋችው። ሰሙም ላይ፣ እጁም ላይ፣ የታችኛው ረድፍ ከላይኛው ሸሽቶ በአንድ ጥርስ ወደ ግራ ወጥቷል።

«በቅሎዋንም አምጧትና ትንከስ!» አለ አንድ ጫት ሻጭ። ሳቁ ዋርካውን አናወጠው።

ፍርዱን ያነበቡት ሽማግሌ፣ አቶ ዘገየ፣ ሰሙን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዙረው አዩ። እጁን አዩ።

«ልቀቂኝ» አሉ ግራዝማች በሹክሹክታ።

«ጮክ በል እንጂ!» አለች። «ያን ምሽት እኔ ስንት ጊዜ ‹ልቀቀኝ› እንዳልኩህ ለነዚህ ሰዎች ንገራቸው። ያኔ እለቅሃለሁ።»

ግራዝማች ዙሪያቸውን ቃኙ። ማንም አልሳቀም። ጫት ሻጩ እንኳ ማላመጡን አቁሞ አፋቸውን ያያል።