ሁለት ዓመት የቀረው ፊልም

"ይህን ማን ነው የጻፈው?" አለ ደምመላሽ፣ በሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ገንጥሎ እያወረደ።

ለዘጠኝ ሰዓቱ ፊልም የተሰለፈው የፒያሳ ሰው ጸጥ አለ። ከአንድ ደቂቃ በፊት ግን ሲሳሳቅ ነበር። አንዱ ቀልደኛ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አንብቦ፣ "በሰባ ዘጠኝ ከተማው ሊፈርስ ነው? እንግዲያው ሠርጌን ወደ ዘንድሮ ላምጣው!" ብሎ ሰልፉን በሳቅ ፈጅቶታል። ያለነው በ1977 የካቲት ነው። ደምመላሽ ደግሞ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ከሳቀ የማይቀር ሰው።

"እኔ ነኝ፤ ቢሮ ገብተን እንነጋገር" አለ ተክላይ፣ ከትኬት መስኮቱ አጠገብ።

የውጭ ፊልም በመጣ ቁጥር ተክላይ አስቀድሞ ያየውና ታሪኩን በአማርኛ አሳጥሮ ይጽፋል። ወይንሸት በታይፕ ትመታዋለች፣ በስቴንስል ይባዛል፣ እንግሊዝኛ የማይሰማው ተመልካች እሱን አንብቦ ይገባል። ተክላይ በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሲቆይ አንድ ስሕተት ተገኝቶበት አያውቅም። በዚህ ይኮራ ነበር፤ ጉድ የሠራውም ይኸው ኩራት ነው።

የሳምንቱ ፊልም የጥይትና የመኪና ነው። መንግሥት በፈረሰበትና ታጣቂ መንገዱን በያዘበት ከተማ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለታመመች ልጁ መድኃኒት ይዞ ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ሲጀምር "1987" የሚል የፈረንጆች ዓመት ቁጥር በትልቁ ይወጣል።

ማክሰኞ ዕለት ከማሽኑ ክፍል ሆነው ሲያዩት፣ ፊልም በማጫወት ሠላሳ ዓመት የቆዩት ጋሽ በርሄ አንድ ነገር ጠየቁ።

"ተክላይ ወንድሜ፣ እነዚህ ሰዎች ምነው የዛሬ ሁለት ሦስት ዓመት ላይ አደረጉት? ወይ ዛሬ ነው ይበሉ፣ ወይ መቶ ዓመት ይራቁ።"

"መቶ ዓመት ከራቁማ አዲስ መኪና፣ አዲስ ልብስ፣ አዲስ ከተማ መሥራት ሊኖርባቸው ነው። ይኸው የመንገዱን መኪና ጭቃ ቀቡትና ወደፊት ሆነ።"

"ዛሬ ቢሉትስ?"

"ዛሬ ካሉት 'የትኛው መንግሥት ነው የፈረሰው?' የሚል ይመጣባቸዋል። ያልመጣ ዓመት ግን ባለቤት የለውም፤ እንዳሻቸው ያቃጥሉታል። ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ተመልካቹ በልቡ ዕድሜውን ይቆጥራል። 'እኔም እደርስበታለሁ' ይላል። የሚያስፈራው እሱ ነው።"

ጋሽ በርሄ ሳቁ። "እኛ ዘንድ ያልመጣውም ዓመት ባለቤት አለው" አሉ።

ተክላይ አብሯቸው ሳቀ እንጂ ልብ አላለውም። ረቂቁ ላይ እንዳየው "1987" ብሎ ጽፎ ወደ ወይንሸት ክፍል ሲወርድ ግን ከነከነው። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንዲሁ ከተተወ ተመልካቹ የእኛ መስሎት አሥር ዓመት ያርቀዋል፤ የፊልሙም ፍሬ ነገር ይጠፋል። ስለዚህ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ፣ "ዓመቱን ወደ እኛ መልሺው። ሰባ ዘጠኝ በዪው" አላት።

ወይንሸት ጣቶቿን ከታይፑ ላይ አነሣች። "ጋሽ ተክላይ፣ በጣም ቀረበ እኮ። ይቅርብን።"

"ትክክለኛው እሱ ነው" አላት። ረቂቁን ግን በእጁ አላረመም፤ በቃል መናገሩ በቂ መስሎት ነበር።

አሁን ደምመላሽ በዚያው ክፍል ቆሞ ወረቀቱን ያርገበግባል።

"ሰባ ዘጠኝ! በአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ በሦስተኛው ዓመት! ሕዝቡ ሲገነባ እናንተ ታፈርሳላችሁ?"

"ታሪኩ የውጭ አገር ነው" አለ ተክላይ።

"የትኛው አገር ይላል? አይልም! የተለጠፈው ግን ፒያሳ ነው። እስቲ ረቂቁን አምጡ።"

ረቂቁ ከፋይል ወጣ። ደምመላሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አስተያየ።

"እዚህ በእጅ የተጻፈው ሰማንያ ሰባት ነው። በታይፕ ሲመታ ሰባ ዘጠኝ ሆነ። ማን ለወጠው?"

ወይንሸት ተክላይን አየችው። ተክላይ በዚያች ቅጽበት ያሰበው ስለ ስሙ ነው። ሰሜን ጦርነት ላይ ነው፤ እሱ ተወልዶ ያደገው መቀሌ ነው። ተክላይ የሚባል ሰው ስለ መንግሥት መፍረስ ጻፈ ከተባለ፣ ጥያቄው በዓመተ ምሕረት አያበቃም።

"እኔ የጻፍኩት ሰማንያ ሰባት ነው" አለ።

ውሸት አልነበረም። ይህ ነው አንጀቱን ያቃጠለው።

"እኔ ነኝ የመታሁት" አለች ወይንሸት ቀስ ብላ።

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም።"

"በይ እንግዲያው፣ ቀበሌ ደርሰን ታስረጂናለሽ" ብሎ ደምመላሽ የተባዛውን ወረቀት ኪሱ ከተተ። ወይንሸት ቦርሳዋን ብቻ አንሥታ ተከተለችው። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ተክላይ ዞረች። "ካመሸሁ እሪ በከንቱ ሰፈር ላለችው እናቴ ይነገርልኝ፤ ከአልጋ አትነሣም" አለችና ወጣች። አልወቀሰችውም። ብትሰድበው ምንኛ በቀለለው።

ጋሽ በርሄ ከማሽኑ ክፍል ወርደው መጡ። "ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል፤ ይጀመር ወይስ..." ብለው ባዶውን ወንበር ሲያዩ ተዉት። ተክላይ የሆነውን በአጭሩ ነገራቸው። "ዓመቱን ለውጪ ያልካት አንተ አይደለህም?"

"ነኝ።"

"ታዲያ?"

"ፈራሁ፣ ጋሽ በርሄ።"

"እኔም እፈራ ነበር" አሉ ሽማግሌው። "ግን ልጅቷ እዚያ ናት።"

የወይንሸት ሹራብ በወንበሩ መደገፊያ ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል። ተክላይ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ መመለስ ቢችል ምን እንደሚል ጥርት ብሎ ታየው። ያችን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር ወኔ ያጣው የገዛ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ በቀን፣ ማንም ሳይነካው ነው። ይህንን ዕድሜ ልኩን እንደማይረሳው አወቀ።

ረቂቁን ወደ ራሱ ሳበ። "1987"ን በአንድ መስመር ሰረዘና ከላዩ "1979" ብሎ ጻፈ። ከጎኑ፣ "ይህ ዓመት በታይፕ ሲመታ እንዲለወጥ በቃል ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ዛሬ በእጄ አረምኩት" ሲል ጨመረ። ሁልጊዜ ከጽሑፉ ግርጌ "ተ.ካ." ብቻ ነበር የሚያስቀምጠው። ዛሬ ብዕሩ ጥቂት ቆመና ቀጠለ፤ ተክላይ ካሕሳይ ብሎ ከነአባቱ ስም ጽፎ ፈረመ።

"ፊልሙን ይጀምሩት፣ ጋሽ በርሄ፤ ሰው ይጠብቃል" አለ። ረቂቁን በእጁ፣ ሹራቡን በብብቱ ይዞ፣ በሰልፉ መሀል አልፎ ወደ ቀበሌው አቀና።