በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ፈረሶች

በስልሳ አራት ዓመቴ በፕላስቲክ ፈረስ ቀናሁ። የሚስቅ ይሳቅ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኔ ግን መጀመሪያ የበላው እንቅልፌን ነው።

አበረ እባላለሁ። ቤቴ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ነው። ድንችና ገብስ አመርታለሁ፤ እሱ ለሆዴ ነው። ለነፍሴ ፈረስ አለኝ። አራት ፈረስ በእጄ አርጅቷል፤ አምስተኛው ዳማ ይባላል፤ መልኩም እንደ ስሙ ቀይ ቡናማ ነው። ገበያ ስወርድ ሰው ለኔ ሰላምታ ሰጥቶ ዓይኑን እሱ ላይ ያሳርፋል። በዚህ ቀንቼ አላውቅም።

በቤታችን አንድ ወግ አለ። ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ ጥር ሃያ ሦስት እንጅባራ ላይ የፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ አባቱ ወይም አያቱ ከፊቱ ኮርቻ ላይ ያስቀምጠውና በሕዝብ ፊት ሽምጥ ይጋልባል። ከዚያ በኋላ ልጁ ወይ ፈረስ ወዳድ ሆኖ ይቀራል ወይ አይሆንም። እኔን አባቴ አስቀመጠኝ፤ ከዚያ ወዲህ ፈረስ ሳልነካ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። ልጄን ምንይችልን እኔ አስቀመጥኩት፤ እስኪወርድ ድረስ አለቀሰ። ዛሬ እንጅባራ ባንክ ቤት ይሠራል፤ ፈረስ የታሰረበትን መንገድ ካየ በሌላው ይዞራል። አልተቀየምኩትም። አልተቀየምኩትም ማለቴም ውሸት ነው።

ስለዚህ የቀረችኝ የምንይችል ልጅ እንቁ ነበረች። ጥር ሲመጣ ሰባት ዓመቷ ይሞላል። እሷም እንደ አባቷ ከሆነች፣ ከኔ በኋላ ዳማን የሚያውቅ ሰው በቤታችን አይኖርም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ግን ለአንድ ዓመት ያህል ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ችግሩ እንቁ ሌላም አያት አላት። የእናቷ አባት፣ መምህር ይሄነው፣ ዳንግላ ውስጥ አርባ ዓመት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቀጭን ነው፤ መነጽር ያደርጋል፤ ፀሐይ ሳይኖር ጃንጥላ ይይዛል። በሰላሙ ጊዜ እንከባበር ነበር። ባለፈው ክረምት፣ መንገዱ ደህና በሆነበት ሳምንት፣ ልጅቱን ይዞ አዲስ አበባ እህቱ ቤት ሄደ፤ ከዚያም አንድ ትልቅ የመጫወቻ ፓርክ ወሰዳት።

የሄደችው ልጅ አልተመለሰችም። የተመለሰችው ሌላ ናት። በር ላይ ያሰሩላትን የወረቀት አምባር ራሱ ተበጥሶ እስኪወድቅ ድረስ ከእጇ አላወልቅም አለች። የሰፈሩን ልጆች በተገለበጠ ጀሪካን ላይ በተርታ ታስቀምጥና «ቀበቷችሁን እሰሩ፣ እጃችሁን ወደ ውጭ እንዳታወጡ» እያለች ከኋላ ትገፋቸዋለች። የቤቱ ግድግዳ በከሰል በተሳሉ መንኮራኩሮች ተሞላ። ስታድግ ምን እንደምትሆን ስጠይቃት «እዚያ ነው የምሠራው፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ በነጻ እወጣለሁ» አለችኝ። ልጅቱ ገና ሰባት ሳይሞላት ዕድሜዋን በሙሉ ለፓርክ ሰጥታ ጨርሳለች።

ያን ሁሉ እችል ነበር። ያቃጠለኝ «አባዬ» የሚለው ቃል ነው። አባዬ እንዲህ አለኝ፤ አባዬ ወደ ላይ አወጣኝ፤ ከአባዬ ጋር ስድስት ጊዜ። እኔ አባባ ነኝ፤ እሱ አባዬ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ብቆጥር ሠላሳ አንድ ጊዜ አባዬ አለች፤ አባባ ያለችኝ አንድ ጊዜ ሲሆን እሱም ውሃ እንዳቀብላት ነው።

ዳማን የበዓል ልብሱን፣ ግላሱን፣ አልብሼ እስከ በራቸው ወሰድኩላት። አፍንጫውን ዳበሰችና «አባባ፣ ዳማ ወደ ላይ ይወጣል?» አለችኝ።

«ወደ ላይ የት?»

«ወደ ሰማይ።»

«ፈረስ ነው እንጂ አሞራ ነው እንዴ!» ብዬ ተቆጣሁ። ልጅ ላይ ተቆጣሁ። ዳማም በኔ ያፈረ መሰለኝ።

ጥር ሃያ አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና እንጅባራ ገባ። ደርበው የሚባል ከባሕር ዳር የመጣ ሰው፣ በዓሉ ከሚከበርበት ሜዳ ጥግ ላይ የብረት ምሰሶ አቆመ፤ ከምሰሶው አናት ዐሥር የፕላስቲክ ፈረሶች በሰንሰለት ተንጠለጠሉ፤ ሁለት ሁለት ሰው ይጭናሉ። ሞተሩ ሲነሳ ምሰሶው ይዞራል፤ ፈረሶቹም ወደ ውጭ እየተወረወሩ ከጣሪያ በላይ ይወጣሉ። ሰምቼ ስደርስ እንቁና መምህር ይሄነው ቀድመውኝ ቆመዋል። እሱ ጧት ከዳንግላ በሚኒባስ መጥቶ ነው።

«እንደምን ዋሉ አያ አበረ! አዩልኝ፣ ፓርኩ ራሱ መጣላት» አለኝ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

«አየሁ መምህር። እግዜር ያክብርልዎ» አልኩት። ሆዴ ግን ሌላ ነው የሚለው።

ወደ አንዱ ፈረስ ቀረብኩ። ቀለሙ ሐምራዊ ነው። ሐምራዊ ፈረስ! ዕድሜውን ልገምት ብዬ ጥርሱን ለማየት ከንፈሩን ያዝኩት፤ ልማድ ነው፤ እጄ አያስብም። ከንፈሩ አልተነቃነቀም። «ልጓሙስ የታለ? እርካቡስ?» አልኩት ደርበውን።

«አያስፈልገውም አባቴ፤ ሞተሩ ነው የሚነዳው።»

እንቁ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከክረምት ወዲህ እኔ ያሳቅኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በራሴ ላይ ነው።

በማግስቱ ያደረግሁትን እነግራችኋለሁ። በበዓሉ ዕለት ፈረሰኞችን ተራ ከሚያስይዙት አንዱ ነኝና ነጭ ጋቢዬን ለብሼ፣ ዱላዬን ይዤ ደርበው ዘንድ ሄድኩ። «ሽማግሌዎች ተነጋግረዋል» አልኩት። «ሞተርህ ፈረሶቹን ያስደነብራል። ነገ እስኪመሽ እንዳታስነሳው።» ማንም አልተነጋገረም። የኛ ፈረሶች ከባጃጅና ከጭነት መኪና ጋር ነው ያደጉት፤ ዳማ ሲኖትራክ አጠገቡ ቢያጓራ ጆሮውን እንኳ አያዞርም። ደርበው ግን አገሩን አያውቅም፤ በዚያ ላይ ሽበቴን አይቶ «እሺ አባቴ፣ እናንተ ካላችሁ» አለና ሸራ አለበሰው። ልከራከር ተዘጋጅቼ ስለነበር ትንሽ ቅር አለኝ።

ሃያ ሦስት ቀን ሜዳው በፈረስ ተሞላ። ቀይ ግላስ፣ አረንጓዴ ግላስ፣ አቧራ፣ እልልታ። እንቁ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ ከአባቷ እጅ አምልጣ ቀጥ ብላ ወደ ምሰሶው ሮጠች፤ ሸራውን ስታይ ቆመች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። መምህር ይሄነው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም በቀስታ ወደኔ መጣች።

«አባባ፣ ፈረሶቹ እንዳይደነግጡ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ፣ ዓይኗን እያየሁ።

ኮርቻው ላይ ከፊቴ አስቀመጥኳት። አንድ እጄን በወገቧ ዙሪያ አሳለፍኩ፤ በሌላው የልጓሙን ዛብ ያዝኩ። በሶምሶማ ጀመርን፤ ከዚያ ሽምጥ ለቀቅኩት። ነፋሱ ጋቢዬን ከትከሻዬ ነጠቀው፤ ሴቶች እልል አሉ፤ የዳማ ልብ ከእግሬ ሥር ሲመታ ይሰማኛል። አባቴ ትዝ አለኝ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ አሁን የኔ ሆነች።

ሳወርዳት ቀሚሷን አራገፈች።

«ደስ አለሽ?»

«አዎ። አመሰግናለሁ አባባ።»

ከረሜላ ላመጣ እንግዳ እንደዚህ ነው የምትለው። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ምንይችል እንኳ ያን ቀን አልቅሶ፣ ቢያንስ አንድ ነገር ተሰምቶት ነበር። እንባዬን ለመደበቅ የዳማን ጠፍር የማላላ መስዬ ጎነበስኩ።

«እንቁዬ፣ እዚያ አዲስ አበባ ምኑ ነው እንዲህ የወደድሽው?» አልኳት ቀና ሳልል። ከክረምት ጀምሮ ይህን ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

«ከፍ ስንል አባዬ ፈራ» አለች፤ ፊቷ ወዲያው በራ። «መነጽሩን ኪሱ ከተተና ዓይኑን ጨፈነ። ጮኸ እኮ! እኔ እጁን ያዝኩት። 'አይዞህ አባዬ፣ አሁን ይወርዳል' አልኩት። ስንወርድ 'አንቺ ባትኖሪ ሞቼ ነበር' አለኝ። ከዚያ ስድስት ጊዜ ወጣን። ስድስቱንም ያዝኩት።»

«ዳማ ላይስ?»

«ዳማ ላይ አንተ ነህ የምትይዘኝ። አንተ ደግሞ አትፈራም። እኔ ምንም የማደርገው ነገር የለም።»

ፈረሰኛ ፈራሁ አይልም። ፈረስ ፍርሃት ያሸታል፤ ስለዚህ ቢፈራም ጉልበቱን አጥብቆ ይውጠዋል። አባቴ ያስተማረኝ ይህን ነው። እኔም ልጄን፣ ከዚያም የልጄን ልጅ፣ ውርንጭላ እንደሚገራ ሰው ቀጥ ብዬ ያዝኳቸው። ሰውዬው ግን መነጽሩን አውልቆ ጮኸ፤ ልጅቱን ወሰደ። ቅናቴ እዚያው ላይ ያልቃል ብላችሁ ከሆነ፣ ባሰበት እንጂ አላለቀም።

«እንቁ፣ ሸራውን ያስለበስኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ፈረሶቹ አይደነግጡም።»

«ለምን አባባ?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

በዱላዬ ወደ ምሰሶው ጠቆምኩ። «በነዚያ።»

ሸራውን አየች፤ እኔን አየች። «እነሱ እኮ ፕላስቲክ ናቸው» አለችኝ፣ በጣም አዝና።

እጇን ይዤ ወደ ምሰሶው ሄድን። መምህር ይሄነው ከሸራው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። «መምህር፣ ሽማግሌ የተነጋገረው ነገር የለም። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ በጃኬቱ ጫፍ ይወለውል ጀመር።

«ደርበውን ከባሕር ዳር በስልክ የጠራሁት እኔ ነኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የርስዎን ጥር ሃያ ሦስት ከሰማሁ ጀምሮ ምግብ አልበላ አለኝ። በዚያ ፈረስ ላይ አንድ ጊዜ ከወጣች ዳግመኛ እኔን አታየኝም አልኩ። እኔ ምን አለኝ? ጃንጥላ!»

ሁለት ሽማግሌዎች ተያይተን ቆምን። መሳቅ ይገባን ነበር፤ ተፋፍረን መሬት መሬት አየን።

ደርበው ሸራውን ገለጠ። «ከልጅቱ ጋር የምወጣው እኔ ነኝ» አልኩ። ሐምራዊው ላይ ወጣን። ቀበቶውን እንቁ ራሷ አሰረችልኝ፤ አጥብቃ ሳበችውና «እጅህን ወደ ውጭ እንዳታወጣ» አለችኝ።

ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ እንደ ዳማ ሶምሶማ ነው፤ ይቻላል። ከዚያ መሬቱ ሄደ። እግሬ እርካብ ፈለገ፤ የለም። እጄ ዛብ ፈለገ፤ የለም። የምስበው ነገር የለ፤ የሚታዘዘኝ ነገር የለ። የእንጅባራ ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ከበታቼ በጎን ሲሮጥ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። «ጊዮርጊስ ሆይ፣ ዛሬ ቀንህ ነው፣ አትጣለኝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነው። ይህን ለማስመሰል አላደረግሁትም፤ አምላኬ ምስክሬ ነው።

አንዲት ትንሽ እጅ አንጓዬን ጨበጠች። «አይዞህ አባባ። አሁን ይወርዳል። እኔ ይዤሃለሁ» አለችኝ በጆሮዬ። ሌላ ሰው ሆና ነበር፤ ትልቅ ሴት። እስኪቆም ድረስ አልለቀቀችኝም፤ እኔም አልለቀቅኋትም።

ስንወርድ ምሰሶውን ተደገፍኩ። እንቁ እየዘለለች ወደ መምህር ይሄነው ሮጠች። «አባዬ! አባዬ! አባባም ፈራ! ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እኔ ነኝ የያዝኩት!» ከክረምት ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ ደረቴ ገብቶ አያውቅም። ሜዳው ላይ የቆሙት ፈረሰኞች ሁሉ ሰምተዋል፤ ይስሙ።

መምህር ይሄነው ጎንበስ አለና «እንደኔ ጮኸ?» ብሎ ጠየቃት።

እንቁ ዞር ብላ አየችኝ። ልጅ ናት፤ መዋሸት አታውቅም።

«ጮኋል» አለች። «ግን እንዳንተ አይደለም።»

ምሰሶውን ለቅቄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ደርበው!» አልኩ። «ድገመው። ፍጥነቱንም ጨምረው።»