ያልተጻፈችው ጰ

ትርሲት ወረታ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ማተሚያ ቤት ተቀጥራ መጽሐፍ ታቀናብራለች። በዚያ ክረምት የፎገራ ሜዳ በውኃ ተውጦ ሳለ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ገቡና አንዲት ፍላሽ ሰጧት። ውስጧ የሟች አባታቸው የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም የእጅ ጽሕፈት አለ። የቄሱ የወንድም ልጅ ባሕር ዳር ላይ ፊደል በፊደል ለቅሞ ፎንት አድርጎታል።

«የተዝካራቸው መጽሐፍ በራሳቸው እጅ ጽሕፈት እንዲታተም ነው። ይቻላል እኅቴ?» አሉ።

«ይቻላል አባቴ። ይቀመጡ።»

ኮምፒውተሩ የጋራ ስለሆነ ፎንት ለሁሉም ተጠቃሚ መጫን አልተፈቀደላትም። በራሷ ስም በሚከፈተው ቦታ ላይ አንድ አቃፊ ፈጠረች፤ ፎንቱንም፣ የግእዙን መስመር የሚያስተካክለውን ተጨማሪ ፓኬጅም እዚያው አስገብታ የማቀናበሪያው ፕሮግራም እንዲያውቃቸው አደረገች። የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ ቄሱ በጣታቸው ዳበሱት። «ጰራቅሊጦስ» የሚለው ቃል ላይ ግን በጰ ፋንታ ባዶ ሳጥን ነበር።

«ይቺ ፊደል የለችም» አለች ትርሲት።

«አትኖርም። ፊደሉ የተለቀመው አባቴ ከጻፉት የመጨረሻ መጽሐፍ ነው፤ መቃ ብዕሩ ከእጃቸው የወደቀው እዚህ ቃል ላይ ሲደርሱ ነው።»

ፊደሏን ከሌላ ፎንት ለመዋስ ተስማሙ። ትርሲት ከዚያ በፊት ገጹን ደግማ አተመችው። ሳጥኑ የለም። ጰ ቆማለች፤ ከሌሎቹ የጠቆረች፣ ግርጌዋ ወደ ግራ የተንሻፈፈ።

ፎንቱን ከፍታ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየች። የጰ ቦታ ባዶ ነው። አቃፊውን አጠፋችና በተለመደው ፎንት አተመች። ገጹ በሙሉ ተቀየረ፤ ጰ ብቻ በመሪጌታ እጅ ቀረች። ብትነካት ጣቷ ጠቆረ። እርጥብ ነች። ማተሚያው ግን የሚሠራው በዱቄት ቀለም ነበር።

ቄሱ ወረቀቱን ሳይሆን በሩን ያያሉ። በሩ ላይ ማንም የለም።

«ምን ላድርግ አባቴ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«መልሰሽ ጫኚው። አባቴ ይጨርሱት።»

እንዳሏት አደረገች። ገጾቹ እየወጡ በሄዱ ቁጥር ጰ በመጣችበት ሁሉ እየተቃናች ሄደች፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ቄስ ኃይለ ሚካኤል መጻሕፍቱን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ተሳልመው፣ በታንኳ ወደ ደብራቸው ተሻገሩ።

ትርሲት ጣቷን በሳሙናም በአሸዋም ፈገፈገችው። ቀለሙ የለቀቃት የፎገራ ሩዝ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ነው።