የቀኛዝማች አወቀ አውራ ጣት

ደምለው ክርክር ረትቶ አያውቅም፤ ተረትቶ ዝም ብሎም አያውቅም። ማይጨው ዘምቶ ቀኝ እጁን እዚያው ጥሎ ከተመለሰ ወዲህ፣ ጠመንጃው አልሆነው ሲል በግራው መጻፍ ጀመረ። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ሳለ ጽሕፈቱ ዓይን ይማርክ ነበር፤ የግራው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዶሮ የጫረችው መሬት ነው። እሱ ምን ገዶት! የሞተውን፣ የቆሰለውን፣ የተማረከውን፣ ወገን ጠላት ሳይለይ፣ ስሙንና አገሩን እየጠየቀ ይጽፋል። ጽፎም አይቀመጥም፤ ካንዱ የጦር አለቃ ወደ ሌላው እየዞረ «ምርኮኛ አይገደል፣ ቁስለኛ አይጣል» እያለ ይነዘንዛል። አርበኞቹ «የምርኮኛ ጠበቃ መጣ፣ ጆሯችሁን ድፈኑ!» እያሉ ይስቁበታል። ይሳቁበት። ማይጨው ላይ በሬሳ መካከል ወድቆ «ውሃ!» ሲል ኮዳውን አፉ ላይ ያደረገለት የጣሊያን ወታደር ነበር፤ ይህን እንዴት ይርሳ?

እንግዲህ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ የአርበኛው የቀኛዝማች አወቀ ሰዎች በይጁቤ በኩል ካሚዮኑ የተበላሸበትን አንድ ጣሊያን ማርከው አመጡ። ሉዊጂ ይባላል፤ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በእግሩ ተጉዞ ከንፈሩ ደርቋል።

ቀኛዝማች አወቀ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የወለዱት አንድያ ልጃቸው የሽዋስ በጣሊያን ጥይት ከወደቀ ገና ወሩ ነው፤ ሐዘኑ ልባቸውን አጨልሞት ስሙን እንኳ ለደምለው አላስጻፉም። ምርኮኛውን አንድ ጊዜ አዩና «ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገደል» ብለው አዘዙ።

እዚያው ግቢ የነበረው ደምለው ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ ይህ ሾፌር ነው። የሽዋስን አልገደለም።»

«ወገኖቹ ገድለዋል።»

«ታዲያ ወገኖቹን ይጠይቋቸዋ!»

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን የቆረጠህ ጣሊያን፣ የምትሟገተው ለጣሊያን! ጤናም የለህ?»

«እጄን የቆረጠኝ ሌላ፣ ውሃ ያጠጣኝ ሌላ። እኔ ለይቻቸዋለሁ፣ ጌታዬ። እርስዎም ይለዩ።»

ቀኛዝማች «መለየቱንስ ለየህ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄን ግን አላመጣህልኝም።»

ደምለው ሄዶ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ።

ታዲያ የቤቱ ደንብ ደንብ ነው፤ በቀኛዝማች ደጅ ጠላትም ቢሆን ሆዱ ባዶ ሆኖ አይሞትም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋንታነሽ ዳቦና ገና የተቆረጠ ማር ይዘው መጡና ከልጁ ፊት አስቀመጡ። ፊቱን አዩት፤ ወዲያው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ሉዊጂ ግን መርዝ መሰለው መሰለኝ፣ ጥርሱን ግጥም አደረገ። አንዱ አርበኛ ዳቦውን ገምጦ አሳየው፤ እምቢ። ሌላው ለመነው፤ እምቢ!

«የኔን ማዕድ?!» ቀኛዝማች ጦፉ። እንዲህ ያለ ውርደት በዕድሜያቸው ደርሶባቸው አያውቅም። ተነሥተው አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩና ላሱት። «ይኸው! ሞትኩ?» እንደገና ነከሩና የልጁን አገጭ ይዘው ጣታቸውን አፉ ውስጥ ወተፉት። «ቅመስ!»

ሉዊጂ መጀመሪያ በፍርሃት ጠባ። ኋላ ማሩ ጣመውና ዓይኑን ጨፍኖ ይምገው ጀመር።

«ጠባ!» ብሎ ጮኸ ደምለው። «ያያችሁ ተናገሩ፣ ጠባ!»

በዚያ አገር ሰው ያልወለደውን ልጁ ሲያደርግ፣ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በምስክር ፊት ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ነው፤ ከአብራኩ ክፋይ አይለይም። የጡት ልጁን የገደለ ልጁን ገደለ ይባላል። ይህን ሕፃን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቀኛዝማችም ስንቱን ድሀ አደግ በዚያው ጣታቸው አጥብተው አሳድገዋል። ንዴት የማያስረሳው ነገር ምን አለ!

ጣታቸውን መንጭቀው አወጡና የሰው ጣት ይመስል አፍጥጠው አዩት። «በስሕተት ነው!»

«ጌታዬ፣ ስንቱ ልጅ በስሕተት ተወልዷል፤ ይጣላል እንዴ?»

ከኋላ የቆሙት ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። ቀኛዝማች አገሩን ሲዳኙ ወደኖሩት ሽማግሌ ዞሩ። «አባ እንዳላማው፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ!»

አባ እንዳላማው ችኩል አይደሉም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ማር ነበረ?»

«ነበረ።»

«አውራ ጣት ነበረ?»

«ነበረ።»

«ምስክር አለ?»

«አለን!» አለ ግቢው በሙሉ።

«እንግዲያ ፍርዱ አልቋል። ቀኛዝማች፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት!»

እናንተ! ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ! በዚያ መካከል ወይዘሮ ፋንታነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው ወንድ ልጅ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እንደሚባለው እልልታቸውን አቀለጡት። ወር ሙሉ ከለቅሶ በቀር ድምፃቸው ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። አንድ፣ ሁለት... ሦስተኛው ላይ ቀኛዝማች ተቀመጡ። ሰባተኛው ላይ ይስቁ ይሁን ያልቅሱ ራሳቸውም አላወቁም። ሉዊጂ የሆነው ሁሉ ምኑም አልገባውም፤ ዳቦውን እየቆረሰ ማሩን ይጠርግ ነበር። ደምለውም በደስታ መቆሚያ መቀመጫ አጥቶ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና ብዕሩን በግራ እጁ አነሣ።

«ጌታዬ፣ ምን ብዬ ልጻፈው? ምርኮኛ ልበል?»

«ምን ምርኮኛ ትለኛለህ!» ተቆጡ። «የአወቀ ልጅ በል!»

ደምለው ብዕሩን ቀለም ነክሮ ጎንበስ ሲል ቀኛዝማች ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«ቆይ» አሉ። «የሽዋስን አስቀድም። ታላቁ እሱ ነው።»