አራተኛው ጎተራ

ኔቭሩዝ በአልባኒያዋ የቭሎራ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር የኅብረት እርሻ ሒሳብ ሹም ነበር። እርሻው ሲፈርስ ሹመቱ ቀረ፤ ምክሩ ግን አልቀረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አልባኒያ በሙሉ ላሙንም ቤቱንም እየሸጠ «በወር ከመቶው ሠላሳ እንከፍላለን» ለሚሉ ድርጅቶች ሲያስረክብ፣ እሱ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ራኪ የሚሉትን አረቄ እየተጎነጨ በሰው ሞኝነት ይስቅ ነበር።

«ያላችሁን ሁሉ አንድ ቦታ ታጉሩታላችሁ! እህሉን ባንድ ጎተራ የከተተ አይጥ ነው የሚቀልበው።»

እሱማ ብልህ ነው። ልጁ ሉአን ግሪክ አገር የሰው ጣሪያ ሲሠራ አምስት ዓመት ያጠራቀመውን ለሦስት ከፍሎ ሦስት ድርጅት ውስጥ አስገባው። ሦስቱም ለትናንቱ ሰው የሚከፍሉት ዛሬ ከመጣው ተቀብለው መሆኑን ግን አልጠየቀም።

በኅዳር ዐይኑ ሚስቱ ዱራታ ከአባቷ በወረሰቻቸው አርባ የወይራ ዛፎች ላይ አረፈ። ሽጦ ገንዘቡን ለነዚያው ድርጅቶች ሊጨምር ገዢም አገኘ።

«ሽጠው» አለች ዱራታ። «ፍሬው ግን መጀመሪያ ይለቀም።»

«በዱላ አርግፈነው በሦስት ቀን እንገላገል።»

«አባቴ ወይራ በዱላ አይመታም ነበር። የተመታ ዛፍ በዓመቱ ያኮርፋል።»

«በዓመቱ የሰው ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! ምን አገባሽ?»

«ዛፉ መሸጡን በምን ያውቃል?»

በእጇ ትለቅም ጀመር። ዝናብ ባልጣለ ቀን አንድ ዛፍ ብትጨርስ ነው። ኔቭሩዝ መሰላሉ ሥር ቆሞ የቀረበትን ወለድ ጮክ ብሎ ያሰላል።

«ዛሬ ይሄ ዛፍ ስንት ሌክ እንዳከሰረን ታውቂያለሽ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ተረቱን ያመጣችው ከብልሃት አልነበረም። ቁርጥማት ጣቶቿን አሳብጧቸው ነበር፤ ያንን መናገር አፈረች። ዛፎቹ ተሸጠው፣ ሉአን ከጣሪያ ላይ ወርዶ አገሩ ሲገባ ማየት ከኔቭሩዝ ይልቅ እሷ ትናፍቅ ነበር። በዝግመቷ ተናድዳ ዛፍ ላይ ያለቀሰችበት ቀን አለ።

በጥር፣ ሠላሳ ስድስተኛው ዛፍ ላይ ስትደርስ፣ የመጀመሪያው ድርጅት በሩን ዘጋ። ሳምንት ሳይሞላ የቀሩት ሁለቱም ተከተሉት። ኔቭሩዝ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲሮጥ ውሎ ባርኔጣውን ጥሎ ገባ። ሦስት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ቡና ቤት ሄደ።

«ምን አልኳችሁ? ሦስቱ ጎተራ ሲቃጠል አራተኛው ቆሟል። ወይራውን ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ባለ ቡና ቤቱ። ሌሎቹ ግን ወንበራቸውን አስጠጉ።

የመንደሩ ሴቶችም ዱራታን «እንዴት አወቅሽ?» ይሏት ጀመር።

«እጄን አሞኝ ነው» አለቻቸው። ትሕትና መሰላቸው።

እሑድ ሉአን ፖስታ ቤት ደወለ፤ ዱራታና ኔቭሩዝ እዚያ ይጠብቁት ነበር።

«እማ፣ ምን ቀረ?»

«ዛፎቹ አሉ። ዘይት አለ፣ ዐሥራ ሁለት ጀሪካን።»

ሉአን «በይ እንግዲህ፣ ነገም ጣሪያ እወጣለሁ» አለ።

ኔቭሩዝ ክንዷን ጎሸም አደረጋት።

«በሚመጣው ወር ስንት እንደሚልክ ጠይቂው እስቲ። አሁን እኮ ሁሉ ነገር ረክሷል፤ ብልህ የሚገዛው አሁን ነው!»

ዱራታ ስልኩን ባበጡ ጣቶቿ አጥብቃ ያዘች።

«አባትህ ሰላም ብሎሃል» አለችና ዘጋችው።