አራተኛው ውርወራ

ጋሼ ሙላቴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲመጡ ሠናይት የጓዳውን ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር። ጃንጥላቸውን አራግፈው በሩ ሥር አስደገፉት። ወንበር ብትስብላቸውም አልተቀመጡም።

«ፈንታሁን ዛሬም ይመጣል?»

«አዎ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። ምነው ጋሼ?»

«ዋልልኝ አለፈ» አሉ።

ዋልልኝ የፈንታሁን ታላቅ ወንድም ነው፤ ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር። በዝናብ የራሰው የመንገድ ዳር ተንዶ፣ ንጋት ላይ መኪናው ከነጭነቱ ገደል ገብቶ ነበር። ጋሼ ሙላቴ አጎታቸው ናቸው። ይህን ሲነግሯት ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም።

«እናቱ ወንዛዬ ፍል ውኃ ከወረደች ሳምንቷ ነው። ሰበብ ፈልገን ወደ ማታ እናመጣታለን። ሬሳውም ማታ ይገባል። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እናትና ልጁን አንድ ላይ እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ልጁ መስማት የለበትም። እሱ ከሰማ ፊቱን አይታ ታውቃለች፤ ልቧ ደግሞ እንደምታውቂው ነው። አምና የወንድሟን ሞት ድንገት ብትረዳ ሦስት ቀን ራሷን አላወቀችም።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ያን የወረቀት ጦርነታችሁን ተጫወቱ። ስልካችሁን አስቀምጣችሁ አይደል የምትጫወቱት? እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያዢልኝ። እንደ ወትሮው። አደራ ልጄ፣ እንደ ወትሮው።»

ሲወጡ ዝናቡ አባርቶ ነበር።

ሠናይት ጨዋታውን ያመጣችው ከኩዌት ነው። አምስት ዓመት በሠራችበት ቤት የእመቤቷ ልጆች ሐሙስ ሐሙስ ከጓደኞቻቸው ጋር ጠረጴዛ ከበው ይጫወቱት ነበር። እሷ የሻይ ትሪ ይዛ በር ላይ ስትቆም ሰማች፤ ሰምታም ያዘች። አገሯ ልትገባ ስትል ታናሹ ልጅ በትንሽ ከረጢት ገጻቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው የመጫወቻ ዳይሶች ሰጣት፤ ባለ ስምንት ገጽ አለ፣ ባለ አሥር አለ፣ ባለ ሃያ አለ። እዚህ «ጠጠር» ይሏቸዋል።

እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀት ላይ አንድ ጀግና ይጽፋል፤ ስሙን፣ ጉልበቱን፣ የቀረውንም ነፍስ በቁጥር። ሠናይት ታሪኩን እያወራች ጠላቱን ሁሉ ትሆናለች፤ ሽፍታውንም፣ ዘንዶውንም፣ ጭራቁንም። ማን ማንን እንደ መታ የሚናገረው ባለ ሃያው ጠጠር ነው፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ምቱ አገኘ፣ ትንሽ ከወጣ ሳተ። ካገኘ፣ ጉዳቱ በሌላ ጠጠር ይወረወርና የመቺው ጉልበት ይደመርበታል። ራሱ ሃያው ሲወጣ ግን የሚመክተው ጋሻ የለም። «ጽኑ ምት» ይሉታል። በጽኑ ምት የጉዳቱ ጠጠር የሚወረወርበት ብዛት እጥፍ ይሆናል፤ ጉልበቱ አይታጠፍም። ነፍሱ ያለቀ ጀግና ሞተ፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ወረቀቱን ይቀድዳል። ኩዌት የወደቀ የሚነሣበት ሕግ ይኖር ይሆናል። ሠናይት ግን ልጆቹ እዚያ ላይ ሲደርሱ ኩባያ ልታጥብ ትሄድ ነበርና አልሰማችም።

የሰማችውን በደብተር ያሰፈረው የሒሳብ መምህሩ ፈንታሁን ነው። «ጉልበት አይታጠፍም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ሠናይትም ከዚያ ደብተር ፈቀቅ ብላ አታውቅም። ጠጠር የምትወረውረው ሁሉም እያየ ነው። ባለፈው ጥቅምት የመሰረት ጀግና ለምለም በአንዲት ቁጥር ስትሞት፣ መሰረት ዕንባዋ እስኪመጣ ለምናታለች። ሠናይት ግን «ጠጠሩ ያለውን ነው» ብላ ወረቀቱን አቀበለቻት። መሰረት እየቀደደች ተሳደበች፤ በሳምንቱ ሌላ ጀግና ጽፋ መጣች።

በስምንት ሰዓት ሦስቱም ደረሱ። መሰረት በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ተረኛ ነበረችና ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም። ፀጉር አስተካካዩ ጥላዬ ከነቀልዱ ገባ። ፈንታሁን ጫማውን በር ላይ በጥንቃቄ ጠረገ። ስልኮቹ በባዶ የወረቀት ካርቶን ገቡ። ሠናይት ሁልጊዜ ካርቶኑን መደርደሪያ ላይ ነበር የምታስቀምጠው፤ ዛሬ ከወንበሯ ሥር ከተተችው።

«ቲቸር፣ ዛሬም ወንድምህን ከፊት ልታሰልፈው ነው?» አለ ጥላዬ። «ሰውየው በእውኑ ኩንታል ይጭናል፣ እዚህ ደግሞ ጋሻ ታሸክመዋለህ። ዕረፍት የሚባል አያውቅም እንዴ?»

የፈንታሁን ጀግና ስሙ ዋልልኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስም ጠፍቶበት ሲጨነቅ፣ ወንድሙ «የእኔን ስጠው፤ አንተ ፈሪ ነህ፣ ያንተ ስም ያለው ጀግና አንድ ቀን አይቆይም» ብሎት ነበር።

«ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር» አለ ፈንታሁን እየሳቀ። «'እስካሁን አልገደላችሁኝም?' ይለኛል። 'ሃያ ስምንት ነፍስ ይዘህ ማን ይገድልሃል?' አልኩት።»

ሠናይት እርሳሷ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ስታነሣ ትንሽ ቆየች።

ጨዋታው ጉና ተራራ ላይ፣ አንድ ዋሻ አፍ ላይ ነበር የቆመው። ሁለት ሰዓት ያህል በክረምት ጭጋግ ውስጥ አንከራተተቻቸው። መንገድ አሳተቻቸው፣ ወንዝ ሞላባቸው፣ ጭራቁን አዘገየችው። ዝናቡ ተመልሶ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ከወንበሯ ሥር ስልክ ነዘረና ዝም አለ። እንደገና ነዘረ።

«ኧረ ዛሬስ አሰለቸሽን!» አለ ጥላዬ። «ጭራቁ ጾም ላይ ነው?»

«መውጣት ነበረበት» አለ ፈንታሁን። «ችቦ አብርተን ገባን እኮ።»

እንደ ወትሮው ቢሆን ኖሮ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ጭራቁ ወጣ። ዋሻው ጠባብ ነው፤ ጋሻውን ይዞ አፉ ላይ የቆመው ዋልልኝ ነው። ጭራቁ ሌላውን ይምታ ብትል ፈንታሁን «በየት አልፎ?» ማለቱ አይቀርም። ባለ ሃያውን ጠጠር አነሣች። በልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ አትለፍ አለች፤ ወረወረች።

ሃያ።

«ጽኑ ምት!» ብሎ ጥላዬ ጠረጴዛውን መታ። «አለቀልህ ቲቸር!»

የጭራቁ ዱላ በወትሮው ባለ ስምንት ገጹን ጠጠር ሁለት ጊዜ ያስወረውራል። በጽኑ ምት አራት ጊዜ ነው፤ በላዩ አምስት የጉልበት ይደመራል። የመጀመሪያው ውርወራ ስምንት ሆነ። ሁለተኛው ስድስት። ሦስተኛው ሰባት። ሃያ አንድ፤ ከጉልበቱ ጋር ሃያ ስድስት። ሁለት ነፍስ ቀርቷል። አንድ ውርወራም ቀርቷል፤ ከስምንቱ ገጽ ዋልልኝን የሚያድነው አንዱ ብቻ ነው።

ጠጠሩን በጭብጧ ያዘች። ከሞተ ወረቀቱን የሚቀድደው ፈንታሁን ነው፤ እየሳቀ ይቀድደዋል። ነገ ጎህ ሲቀድ ያ ሳቅ ይታወሰዋል።

«ሃያ ስድስት» አለች፤ ጠጠሩን ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው። «ሁለት ቀረው። ተራው የመሰረት ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች መሰረት። «አራት አይደል እንዴ? ለምለሜን በአንዲት ቁጥር ስትቀብሪያት 'ጠጠሩ ያለውን ነው' ያልሽው ማን ሆነሽ ነው?»

«አድልዎ ነው!» ጥላዬ ከት ብሎ ሳቀ። «ወደሽዋል መሰለኝ። ቲቸር፣ ሽማግሌ ላክ በቃ!»

ፈንታሁን አልሳቀም።

«ሁለት ሲታጠፍ አራት ነው፣ ሠናይት» አለ፤ ተማሪ እንደሚያርም ሰው ቀስ ብሎ።

«ተሳሳትኩ።»

«አንቺ?»

የከረጢቱን አፍ ቋጠረች። ፈንታሁን አያትና ወንበሯ ሥር ወዳለው ካርቶን ዓይኑን አወረደ። ስልኩ በዚያው ቅጽበት ነዘረ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። እጀታው በሽቦ የተጠገነ ጥቁር ጃንጥላ በሩ ሥር ተደግፏል።

«ጋሼ ሙላቴ መጥተው ነበር?»

ሠናይት «ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ» ልትል አፏን ከፈተች። እሑድ ደግሞ ኮፒ አይነሣም። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ፈንታሁን መዳፉን ዘረጋ። «ስጪኝ።»

ጠጠሩን ከከረጢቱ አውጥታ ሰጠችው። ብዙም ሳያገላብጥ ጠረጴዛው ላይ ለቀቀው። ተንከባሎ የሻይ ብርጭቆ መታና ቆመ።

«አንድ!» ብሎ ጥላዬ ዘለለ። «አንድ ወጣ! ዳነ! በአንዲት ነፍስ ዳነልህ!» ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ፈንታሁን ጠጠሩን እያየ፣ «ነገ ጠዋት ነው?» አለ።

«ምኑ?» አለች መሰረት። የሠናይትን ፊት ስታይ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። የጥላዬ መዳፍ ትከሻው ላይ እንዳለ ቀረ።

ለሠናይት አዎ ማለት መርዶ ነው፤ መርዶ ደግሞ የእሷ ድርሻ አልነበረም።

«እማዬስ?»

«አልሰማችም» አለች፤ ይህን መመለስ ትችላለች። «ማታ ትገባለች።»

ፈንታሁን ላጲስ አንሥቶ ከዋልልኝ ስም ግርጌ ሃያ ስምንትን አጠፋ። የላጲሱን ብናኝ እፍ አለ። በቦታው አንድ ጻፈ፤ እንደ ሰሌዳ ጽሑፉ ቀጥ ያለች አንድ።

«እንግዲህ እኔም አልሰማሁም» አለ። ድምፁ ከሩቅ ቤት የሚመጣ ይመስል ነበር። «እስከ ስንት ሰዓት አሉሽ?»

«እስከ አሥራ ሁለት።»

«አሁን ስንት ነው?»

«አሥር ከሩብ።»

«ፊቴን ለማለማመድ ይበቃል። ማታ እማዬን በር ላይ የምቀበላት እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ፊት ለፊቱ አስተካከለ። «ቀጥዪ። ተራው የመሰረት ነው።»

መሰረት ጠጠሩን ብታነሣም መወርወር አቃታት። ሠናይት «ጭራቁ ዱላውን እንደገና አነሣ» ብላ ጀመረች፤ አቋርጣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ያን ጊዜ ጥላዬ፣ ዕንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ፣ «ቲቸር፣ አንድ ነፍስ ይዘህ ጋሻ ከምትሸከም ለምን እኔ ዘንድ መጥተህ ፀጉርህን አትስተካከልም? ጭራቁ አይለይህም» አለው።

ፈንታሁን ሳቀ። ጥርሱ ታየ፤ ጉንጩም ተነሣ።

ሁሉም ያዩት ነበር። መሰረት የጋውኗን እጅጌ ዓይኗ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«እንደ ወትሮህ አይደለም» አለችው። «ድገመው።»