የከንቲባው ይትባረክ ፍርድና የሰብስቤ ማንጎ

በወጣትነት የተገኘ ዝናና ውዳሴ ለባለቤቱ ጌጥም ሸክምም ነው፤ ሕዝብ ትናንት ያጨበጨበለትን ሰው ዛሬ በሌላ ሚዛን ይመዝነዋልና፣ ከጨዋታ ሜዳ ወደ አገልግሎት ሸንጎ የተሻገረ ሁሉ ይህን ሳይቀምስ አያልፍም።

ይትባረክ ወልደ ሰንበት በዩኒቨርሲቲ ሳለ ቁመተ መለሎ፣ እጀ ፈጣን፣ በቅርጫት ኳስ አቻ የሌለው ወጣት ነበረ፤ ተመልካቹ ስሙን እየጠራ ሲያሞግሰው፣ ኳሷን ከመሀል ሜዳ አሻግሮ የሚያቀብለው ባልንጀራው ሰብስቤ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበረ። ሁለቱ በአንድ ክፍል አድረው፣ በአንድ ማዕድ በልተው፣ በአንድ ቀን ተመረቁ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ይትባረክ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ከንቲባ ሆኖ ሲሾም፣ ሰብስቤ ከከተማዪቱ በታች ባለው ሜዳ ያማረና የሰመረ የማንጎ እርሻ አቅንቶ ይኖር ነበር።

በአንድ ብርቱ ክረምት ወንዙ ሞልቶ፣ ዓሣ አስጋሪዎችና የቀን ሠራተኞች በሚኖሩበት ዝቅተኛ ሰፈር ላይ ወንዙን የሚያግደው የአፈር ግድብ ሊደረመስ ተቃረበ። መሐንዲሶቹ መርምረው፣ ግድቡ ከታች ተቆርጦ ውኃው በሰብስቤ እርሻ ካልፈሰሰ በቀር ሰፈሩ እንደማይተርፍ ለከንቲባው ነገሩት። ሰብስቤም ይህን ሰምቶ፣ በጭቃ እንደ ተለወሰ ወደ ግድቡ መጣ።

«ይትባረክ፣ ዕድሜዬን ያፈሰስሁበት ነው። ዝናቡ ሊያባራ ይችላልና እስከ ነገ ብቻ ታገሠኝ» አለው።

«ካላባራስ?»

ሰብስቤ ዘወር ብሎ ወደ ዛፎቹ ተመለከተ።

«አንተ ዛፍህን ታጣለህ፤ እነሱ ልጆቻቸውን ያጣሉ» አለና ይትባረክ ድምፁን ሳያነሣ ግድቡ እንዲቆረጥ አዘዘ።

ውኃው እየተመመ ዛፎቹን ከነሥራቸው ነቀለ፤ ሰፈሩም ዳነ። ነገር ግን ዝናቡ በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አባራ። ስለዚህ ብዙዎች «በከንቱ አስቆረጠው» እያሉ አሙት፤ የሰብስቤም አቤቱታ ተጨምሮበት ምክር ቤቱ ከሹመቱ አወረደው። እርሱ ግን አልተሟገተም፤ ከተማዪቱንም አልለቀቀም፤ በውኃ ሥራ ክፍል ዝቅ ባለ ደረጃ ተቀጥሮ፣ በዚያው ወንዝ ዳር የድንጋይ ግድብ ሲያሠራ ጠጉሩ ሸበተ። ሁለቱ ባልንጀሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሰብስቤ ሴት ልጁን ሊድር ሲሰናዳ፣ ራሱ ወደ ይትባረክ ቤት ሄዶ ከደጃፉ ቆመ።

«ይቅር አላልሁህም» አለው። «ነገር ግን አንተ የሌለህበት ሠርግ ሠርግ አይሆንልኝም።»

ይትባረክም ሄደ፤ በሙሽራዪቱ አባት አጠገብም ተቀመጠ፤ ስለዚያ ክረምት ሁለቱም አንዳች አልተናገሩም። የሹመት ክብደት የሚታወቀው፣ ለወዳጅ ማድረግ እየተቻለ ሳይደረግ በቀረው ነገር ነው።